ሙያ፦ ተሟጋች

አርማጭሆ ውስጥ ፈሪ አያት የነበረው ሰው ካለ አምጡልኝ፤ ጠላውም ቡናውም በእኔ ነው። አታገኙም። ሳንጃ ገበያ መሀል ቆማችሁ አላፊ አግዳሚውን ብትጠይቁ፣ የአንዱ ቅድመ አያት መተማ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ነበር፤ የሌላው ዓድዋ ላይ መድፍ ማርኳል፤ የሦስተኛው በአምስቱ ዓመት ከአሞራው ውብነህ ጎን ተሰልፎ ጣሊያንን አርበድብዷል። ሰሊጥ የሚመዝነውም፣ ባጃጅ የሚነዳውም፣ ጥላ ሥር ተጋድሞ ሙቀቱን የሚራገመውም የጀግና ዘር ነው። ጀግንነቱን አልጠረጥርም፤ አገሩ ጀግና ነጥፎበት አያውቅም። ግራ የሚገባኝ ሌላው ነው። ይህ ሁሉ ሰው ጦር ሜዳ ከዋለ በሬውን ማን ጠመደ? ማሽላውን ከወፍ ማን ጠበቀ? ከእያንዳንዱ ተኳሽ ኋላ ስንቅ የሚጭን፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ድንኳን የሚተክል ሰው ነበር፤ ያም ሰው ልጅ ወልዷል። የልጅ ልጆቹ የት ገቡ?

አንዱ እኔ ነኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰችው አሜሪካ ያለችው የአጎቴ ልጅ ናት። ልጆቿ አድገው "እኛ ከየት ነን?" ማለት ሲጀምሩ አንድ ቅጽ በስልክ ላከችልኝ፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ገጽ። ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ወርና ዓመት፣ የተወለደበት ከተማ፣ ሙያ፣ የሞተበት ምክንያት። ከታች በኩል ደግሞ ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ሳጥን አለ። በ1880 ዓ.ም. ግድም አርማጭሆ የተወለደ ሰው ጉርድ ፎቶ! አባቷን ራሷ ለምን እንደማትጠይቅ ብጠይቃት፣ በስልክ ከዝናብና ከሰሊጥ ዋጋ ሌላ አላወራ እንዳሏት ነገረችኝ። "ሰው ፊት ለፊት ካልተቀመጠ ወሬ አይወጣቸውም፤ እባክህ ውረድልኝ" አለች። ከጎንደር በትክል ድንጋይ በኩል ቁልቁል ወረድሁ። ከጎንደር ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ሳንጃ ሲደርስ ጋቢው ዕዳ ይሆንበታል፤ እኔም ዕዳዬን ታቅፌ አጎቴ ደጃፍ ደረስሁ።

አጎቴና ታላቅ እህታቸው አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። አክስቴ ያደጉት በአያታቸው ቤት ነው፤ በዚህ የተነሣ በቤተሰቡ ታሪክ ላይ የመጨረሻው ቃል የሳቸው እንደሆነ ያምናሉ። አጎቴ ደግሞ ወንድ በመሆናቸው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቃል የሳቸው እንደሆነ ያምናሉ።

"አባባ፣ አያትዎ መቼ ነው የተወለዱት?" አልሁ።

"ድርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ የሆድ ልጅ ናቸው።"

አክስቴ ከጀበናው ቀና ሳይሉ፣ "አራስ ናቸው እንጂ። እናታቸው አዝላቸው አይደል እንዴ በረሃ የገባችው?"

"የሆድ ልጅ!"

"ታዝለው!"

ይህ ክርክር ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ መሆኑን ከድምፃቸው ተረዳሁ። እኔን ግን ደስ አለኝ፤ በሁለቱም በኩል ዓመት አለበት። የገበሬ ልደት የሚመዘገብበት ቢሮ ባልነበረበት አገር ድርቡሽ ጥሩ መዝገብ ቤት ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የድርቡሹ የአቡ አንጋ ሠራዊት ደንቢያ ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ ከተማዋን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሰውን በምርኮ ነዳ። ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ንቦች ወጥተው ወራሪውን አባረሩለት ይባላል። ይህን ሳነሣ አክስቴ፣ "ለሥላሴ ንብ ነበረለት፤ ለእኛ ሰው የነበረው ጫካ ነው" አሉ። እናም ቅድመ አያቴ በሆድም ሆነ በጀርባ በረሃ ገቡ። ቅጹ ላይ 1880 ብዬ ጻፍሁ። "የተወለደበት ከተማ" ለሚለው ግን ከተማው በወቅቱ እየተቃጠለ ስለነበር ቦታውን ባዶ ተውሁት።

አባታቸው በዓመቱ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር መተማ ዘመቱ። ስለ መሄዳቸው ሁሉም ያወራል፣ ምን እንደታጠቁ፣ ምን ዓይነት በቅሎ እንደተቀመጡ፤ ስለ መመለሳቸው የሚያወራ የለም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱም እዚያው ቆስለው በማግሥቱ ዐርፈዋልና፣ የአንድ ባላገር አለመመለስ በዚያን ሰሞን ወሬ የሚሆን አልነበረም። ቀጥሎ ክፉ ቀን መጣ። ጣሊያን በምጽዋ በኩል ያስገባቸው ከብቶች ያመጡት ደስታ የሚባል በሽታ የአገሩን ከብት ከመቶ ዘጠናውን ፈጀ ይላሉ የጻፉት ሰዎች፤ በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ እህል የለም፣ እስከ 1884 ድረስ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ቅድመ አያቴ ከዚህ ሁሉ እንዴት እንደተረፉ የሚያውቅ የለም። ምናልባት የሕይወታቸው ትልቁ ጀብድ ይህ ነው፤ ግን አራት ዓመት ሳይሞላው በሕይወት መቆየቱን የሚፎክር ልጅ ስለሌለ ፉከራ ውስጥ አልገባም።

"የቤተሰብ ስም" የሚለው ላይ ስንደርስ ነገሩ ጠነከረ። እኛ የአባታችንን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስለዚህ አጎቴን "እስቲ ወደ ላይ ይቁጠሩልኝ" አልኋቸው። እስካሁን ግድግዳ ተደግፈው የነበሩት ሰው ቀና አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሳያቋርጡም ቆጠሩ። እከሌ እከሌን ይወልዳል፣ እከሌ እከሊትን ይወልዳል፣ እከሊት ከእንዲህ ያለው አገር ሰው አግብታ እከሌን ትወልዳለች። ከእያንዳንዱ ስም ጋር አንድ ማሳ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ያለችው፣ ዋርካው ሥር ያለችው፣ ድንበሯ ትልቁ ድንጋይ የሆነው።

"አባባ፣ ይህ የዘር ሐረግ ነው ወይስ የመሬት ካርታ?"

"ምን ልዩነት አለው?" አሉኝ፤ የምር ነው የጠየቁኝ።

ለእሳቸው ልዩነት የለውም። በጎንደርና በጎጃም ደጋ የርስት ሥርዓት ሲሠራ በኖረበት ዘመን መሬቱን መጀመሪያ ያቀና አባት አለ፤ ከእሱ የሚወለድ ሁሉ፣ በወንድም ይሁን በሴት መስመር፣ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ችግሩ ተወላጅነቱን ማስረዳት ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት፣ ባላጋራ ጥርሱን ነክሶ በሚያዳምጥበት እስከ አቅኚው አባት ድረስ ሳይሳሳቱ መቁጠር ነው። አንድ ስም የዘለለ አንድ ማሳ ዘለለ። ደግሞ የሰው ልጅ አንድ አባት ብቻ የለውም፤ በእናቱ በኩል፣ በአባቱ እናት በኩል፣ በእናቱ አባት እናት በኩል ሌላ መሬት ሌላ አቅኚ አለ። ጎበዝ የተባለው ሰው ሁሉንም መስመር ያውቃል፤ የትኛው በኩል ለም መሬት እንዳለም ያውቃል።

የዛሬዎቹ የተማርን ሰዎች የሴት አያታችንን እናት ስም ብንጠየቅ ጣራ ጣራ እናያለን። አጎቴ ግን እስከ ስድስተኛ ትውልድ ያሉ ሴቶችን በስም ይጠራሉ። ይህን አይቼ "የድሮ ሰው ለሴት ምንኛ ክብር ነበረው!" ልል ስል አክስቴ ቀደሙኝ፦ "ክብር አትበለው፤ እርሻዋ ጥሩ ስለሆነ ነው።"

ፍቅር ሰውን ቢበዛ ሁለት ትውልድ ያስታውሳል ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ የሚያስታውሰው ሙግት ነው። ለዚህ ማስረጃዬ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ታወጀ። የደቡቡ ጭሰኛ እልል አለ፤ በእኛ በኩል ግን ድሃውም ቢሆን ባለርስት ነኝ ባይ ስለነበር ነገሩን በጥርጣሬ ነበር ያየው። አዋጁ ስለ ባላባት፣ ስለ ጭሰኛ፣ ስለ ሄክታር ብዙ ይላል፤ ያላነሣው ነገር ቅድመ አያቶችን በአንድ ሌሊት ሥራ ፈት ማድረጉን ነው። መሬት የሚደለድለው የገበሬ ማኅበር ሆነ፤ ገበሬ ማኅበር ደግሞ የቤተሰብህን ብዛት እንጂ ሰባት አባትህን አይጠይቅህም። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ እስከ ሦስት ቆጥሮ ያቆማል። የአጎቴ ወንዶች ልጆች የእግር ኳስ ቡድን ተሰላፊዎችን ከነተጠባባቂዎቻቸው ይዘረዝራሉ፤ አራተኛ አባታቸው ላይ ግን ስልክ ያወጣሉ።

ቅድመ አያቴ ሲሟገቱ ነው የኖሩት። የሙግቱ መነሻ ደጋው ላይ፣ ላይ አርማጭሆ የነበረች አንዲት ማሳ ናት፤ አጎቴ ስፋቷን ሲያሳዩኝ እጃቸውን ወደ አድማስ ዘረጉ፣ አክስቴ ሲያሳዩኝ ደግሞ የግቢያችንን አጥር ጠቆሙ። ባላጋራቸው ዘመዳቸው ነበር። ይህ ሊያስገርም አይገባም፤ በርስት የሚሟገትህ ዘመድህ ብቻ ነው፣ ባዳ በምን ሒሳብ? ሁለቱም ቆላ ወርደው ሳንጃ አካባቢ ጥጥና ማሽላ ያርሱ ነበር፤ ችሎቱ ደግሞ ጎንደር ነው፣ በእግር ሁለት ቀን።

በዚያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ አብረው ነው ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። ቁራኛ ይባላል። አንዱ እንዳይጠፋ ሌላው ጠባቂው ነው። እስቲ አስቡት፦ ከዓለም ሁሉ አጥብቃችሁ ከምትጠሉት ሰው ጋር በአንድ ኩታ ጫፍ ተቋጥራችሁ ዳገት ትወጣላችሁ። እሱ ሲቀመጥ ትቀመጣላችሁ። እሱ ቁጥቋጦ ሥር ልሂድ ሲል እናንተም ሳትፈልጉ ወደ ቁጥቋጦ ሥር ትሄዳላችሁ። ስንቁ ያለቀበት ከሌላው በሶ ይበላል፤ ተርቦ ቢወድቅ የሚሸከመው ማን ሆነና? ማታ ጅብ ሲጮህ ጠጋ ጠጋ ይላሉ። በሁለተኛው ቀን ጎንደር ይደርሱና ዳኛ ፊት ቆመው "በሕግ አምላክ!" ይባባላሉ፣ "በቅሎ ልስጥ! ማር ልስጥ!" እያሉ ይወራረዳሉ፣ ጣት ይቀስራሉ፣ ሰባት አባት ይወቃቀሳሉ። ዳኛው ቀጠሮ ይሰጣል። እንደገና ተያይዘው ሁለት ቀን ቁልቁል።

አክስቴ እንደሚሉት፣ ቅድመ አያቴ ከሚስታቸው ይልቅ ባላጋራቸውን ያውቁ ነበር። የትኛው ጉልበቱ እንደሚያመው፣ በእንቅልፍ ልቡ የማንን ስም እንደሚጠራ፣ በሶውን በምን እንደሚወድ። የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው ሲወለድ ክርስትና አባት የሚሆን ሰው ታጣና "ከእሱ የተሻለ ማንን አውቃለሁ?" ብለው ባላጋራቸውን ጠሩ። መጣ፤ ልጁን አነሣ፤ በማግሥቱ ሁለቱ አበልጆች ተቋጥረው ጎንደር ሄዱ።

የጽሑፍ ማስረጃ አልነበራቸውም ወይ? ነበራቸው፤ ቢያንስ አጎቴ እንደሚሉት ነበራቸው። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ሽያጭና ስጦታ በወንጌሉና በሌሎች መጻሕፍት ባዶ ገጽና ህዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ዋጋው በወርቅ ወቄት፣ ዳኛው፣ እማኙ፣ ዋሱ ሁሉ በስም። እነዚህን ጽሑፎች ዶናልድ ክረሚ የተባለ የታሪክ ምሁር ዕድሜውን ሰጥቶ አጥንቷቸዋል፤ የነገሥታት ዜና መዋዕል ያላሰባቸው ብዙ ተራ ሰዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ እነዚያ ገጾች ላይ መሬት ሲገዙና ሲሸጡ ይታያሉ። አጎቴም "የእኛ መሬት ወንጌል ላይ ተጽፏል" ይላሉ። የቱ ወንጌል? "ዐፄ ቴዎድሮስ የወሰዱት!" ይህች መልስ የዋዛ አይደለችም። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት አግዘው መቅደላ አስገቡ፤ በሚያዝያ 1860 እንግሊዞች መቅደላን ወስደው 350 ያህሉን ጥራዝ ለብሪቲሽ ሙዚየም አስረከቡ። እናም የማሳዋ ማስረጃ ለንደን ይሆናል። ቅድመ አያቴ ይህን ዳኛው ፊት ተናግረዋል ይባላል፤ ዳኛውም "ለንደን በስንት ቀን ያስኬዳል?" ብሎ ቀጠሮ ሊሰጣቸው ነበር አሉ። ይህችኛዋን አጎቴ ራሳቸው የጨመሯት ይመስለኛል።

ለሌላው ሰው የኢትዮጵያ ታሪክ የድልና የሽንፈት ታሪክ ነው፤ ለቅድመ አያቴ ግን ችሎት የሚያስተጓጉል ነገር ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መጣ፤ በዓለም ዙሪያ ያን ሁሉ ሰው የፈጀው ግሪፕ ነው። ከምስክሮቻቸው ሁለቱን ወሰደባቸው። ሌላ ሽማግሌ እስኪፈልጉ ዓመታት አለፉ። በ1922 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደግሞ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር አንቺም ላይ ተጋጠሙ። ቅድመ አያቴ ዘምተዋል። አጎቴ እዚህ ላይ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ አክስቴ "ስንቅ ጫኝ ሆነው" አሉ፤ "ጦር ሜዳ ለመድረስ ስንቅ ያስፈልጋል!" ብለው አጎቴ መለሱ። ያን ቀን የአገሩ ሰው አይቶት የማያውቀው ነገር በሰማይ መጣ፤ አውሮፕላን። ወረቀት በተነ፣ ቦምብም ጣለ። ቅድመ አያቴ የሚጭኗት በቅሎ ይህን ስታይ ስንቁን ይዛ ሸመጠጠች። እሳቸውም ተከተሏት። ራስ ጉግሣ ሲወድቁ፣ በሁለተኛው ቀን ንግሥት ዘውዲቱ ሲያርፉ፣ የበጌምድር ግዛት ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ቅድመ አያቴ የሰው በቅሎ ፍለጋ በጋይንት ሸለቆዎች ላይ ነበሩ። በቅሎዋን አገኟት። እኔ የምኖረው በዚች በቅሎ ድንጉጥነት ነው፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ጎራዴ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ እኛ ልጓም ብንሰቅል ይገባን ነበር።

አዲስ ገዥ፣ ራስ ካሣ፣ አዲስ ዳኛ። ሙግቱ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ጥቂት እንደሄደ መጋቢት 1928 ላይ ጣሊያን ጎንደር ገባ።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አርማጭሆ በአምስቱ ዓመት የአርበኛ አገር ነው፤ አዳነ መኮንን፣ ውብነህ ተሰማ፣ ብሬ ዘገየ የመሰሉ ሰዎች በዚህ በረሃ ጠላትን እንቅልፍ ነስተውታል፣ በሱዳን በኩል መልእክተኛ ልከው ተቀብለዋል። የጎንደርን አርበኞች ተጋድሎ የጻፈው የገሪማ ታፈረ "ጎንደሬ በጋሻው" በ1949 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል፤ ገሪማ የፊልም ሠሪው የኃይሌ ገሪማ አባት ናቸው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የቅድመ አያቴን ስም ፍለጋ አነበብሁት። የለም። "ረስተውት ነው" አሉ አጎቴ።

በሌላ በኩል ባንዳ የሚባል ሰው ነበረ፤ ይህን ሁሉም ይስማማበታል። ጣሊያን ያለ ባንዳ አንድ ወረዳ እንኳ ሊይዝ አይችልም ነበር። የሚገርመው ግን ከባንዳዎቹ አንዱም ዘር አልተካም! በጎንደርም በአዲስ አበባም ብትዞሩ "አያቴ ባንዳ ነበር" የሚል ሰው አይገጥማችሁም። ያ ሁሉ ባንዳ መካን ሆኖ ሞተ ማለት ነው። ከሊራ ጋር የታየ ሰው ካለም ከነጻነት በኋላ "ውስጥ አርበኛ" ሆነ፤ ላዩ ጣሊያን፣ ውስጡ አርበኛ። እውነተኛ የውስጥ አርበኞች ሞልተው ነበር፣ በየከተማው ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ ከነሱ ኋላ የተሰለፈውን ወረፋ ነው የምላችሁ።

"አያታችሁስ?" አልሁ።

"አርበኛ" አሉ አጎቴ።

"ጎንደር ፒያሳ ድንጋይ ተሸከሙ" አሉ አክስቴ።

"እትዬ!"

"ምን ትላለህ? ልጆቹ ምን ይብሉ? ድንጋይ መሸከም ነውር ነው?"

እንዲህ ነው ነገሩ። ሰብሉ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ፤ አንድ ጊዜ በጣሊያን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማን እንዳቃጠለው አይነገርም። ቅድመ አያቴ ጎንደር ወጥተው ጣሊያን ያን ጊዜ ከሚገነባቸው ሕንፃዎች በአንዱ ቀን ሠራተኛ ሆኑ። ሊራውን ጨው ይገዙበታል፤ ጨዉ ሌሊት ሌሊት ወደ በረሃ ይወርዳል፣ በረሃ ያሉት የወንድማቸው ልጆች ናቸውና። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ "ይኸው! ውስጥ አርበኛ!" አክስቴ ግን አልለቀቁም፦ "ጨውን በነጻ አልሰጡም፤ በማር ለወጡ።" ከዚያ ቀን ወዲህ ፒያሳ ማኪያቶ ስጠጣ የሕንፃውን ግድግዳ በሌላ ዓይን ነው የማየው። የመንገዱን፣ የፖስታ ቤቱን፣ የሲኒማ ቤቱን ድንጋይ የተሸከመው ማን እንደሆነ አንድም ቤተሰብ አይናገርም፤ ሕንፃዎቹ ግን ቆመዋል።

ሙግቱስ? ቅድመ አያቴ በጣሊያንም ጊዜ አልተኙም። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ የአንድ ጣሊያን ሹም ደጅ ጠንተው ገቡና ስለ ማሳዋ አቤት አሉ። ሹሙ "ወረቀት አለህ?" አላቸው በአስተርጓሚ። ወረቀቱ ለንደን ነው፤ ጣሊያንና እንግሊዝ ደግሞ ሆድና ጀርባ ሆነዋል። ስለዚህ አባት መቁጠር ጀመሩ። አስተርጓሚው ሦስተኛው ላይ ደከመው፤ አራተኛው ላይ "ብዙ ዘመዶች አሉኝ ይላል" ብሎ አሳጠረው። ሹሙም "እንኳን ደስ ያለህ" ብሎ አሰናበታቸው። አጎቴ ይህን ታሪክ ቅጹ ላይ እንዳልጽፍ አስምለውኛል፤ ስለ ወግ ግን ያሉኝ የለም።

ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻው ምሽግ ወደቀ፤ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ፉከራው ቀለጠ። ቅድመ አያቴ ሕዝቡን ሰንጥቀው ባላጋራቸውን ፈለጉ። ባላጋራው እውነተኛ አርበኛ ሆኖ ነበር፤ ጎፈሬውን አጎፍሮ፣ ምንሽሩን አንግቶ ከበረሃ ገብቷል። በረሃ የበላው ጨው ቅድመ አያቴ በማር የለወጡት ጨው ይሁን አይሁን እንጃ። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ አበልጅ አይደሉ? ከዚያ ቅድመ አያቴ "ችሎቱ መቼ ይከፈት ይሆን?" አሉ።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ ተወሳሰበ፤ ማኅተም፣ ቴምብር፣ ራፖር ጸሐፊ መጣ። ኩታ መቋጠር ቀርቶ መጥሪያ ሆነ፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች ይህን አልወደዱትም፣ ብቻቸውን መንገዱ ረዘመባቸው አሉ። በመጨረሻም በፈረንጆች 1953፣ አንድ ያረጀ ምስክር ደንቢያ አለ የሚል ወሬ ሰምተው ቅድመ አያቴ ወደዚያ ወረዱ። ያ ዘመን በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው የጨረሰበት ነው። መንግሥትን ያስደነገጠው ይህ እልቂት በ1947 ዓ.ም. ለጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ መከፈት አንዱ ምክንያት ሆነ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የበቀለው። ቅድመ አያቴ ከምስክሩ ቤት ደርሰው አንድ ሌሊት አደሩ፤ ንዳዱ ሁለቱንም ያዛቸው፤ ምስክሩ ቀድሞ ሞተ። አክስቴ ይህን ሲናገሩ የሚቆጩት በሞቱ አይደለም። "ቃሉን ሳይሰጥ!" ይላሉ።

ቅጹን ሞልቼ ላክሁ። ሙያ ለሚለው አጎቴ "አርበኛ"፣ አክስቴ "ገበሬ" ብለው ተከራከሩ፤ እኔ ግን ሳያዩኝ "ተሟጋች" ብዬ ጻፍሁ። የሞተበት ምክንያት፦ ምስክር ፍለጋ። ሙግቱ በልጃቸው ስም እስከ 1967 ዘለቀ፤ የዞረበትን ሁሉ ዞሮ ማሳዋን የገበሬ ማኅበር ወሰዳት፣ ለሦስተኛ ሰውም ሰጣት።

የአጎቴ ልጅ ቅጹን ባየች ማታ ደወለች፤ ስልኩን አጉልተን ሁላችንም ከበብነው። ሳቀች፣ አለቀሰችም መሰለኝ፤ ከዚያ አንድ ነገር ነገረችን። አሜሪካ ውስጥ በትንሽ ብልቃጥ ምራቅ ተፍተህ ስትልክ ዘርህን የሚነግርህ ምርመራ አለ።

"ምራቅ?" አሉ አጎቴ።

"አዎ አባዬ።"

"ዘር ይቆጥራል?"

"ማን ከማን እንደሚዛመድ ይለያል።"

"ፍርድ ቤት ይቀበለዋል?"

"እዚህ ይቀበሉታል፤ እናንተ ጋ እንጃ።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ ማሳዋ በሌላ ሰው ስም ደብተር እንደወጣላት ላስታውሳቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አወናጨፉብኝ። "እሱን ተወው። የእኛንስ ምራቅ ሰጠን፤ የዚያን የባላጋራችንን የልጅ ልጅ ምራቅ በምን እናገኛለን?"

"ምን ቸገረህ?" አሉ አክስቴ ሲኒውን እያለቀለቁ። "እሑድ ለክርስትናው ይመጣ የለ? ጠላ ቀድተን እንሰጠዋለን፤ ጠጥቶ ሲያበቃ ጣሳውን ሳታጥቡ አስቀምጡልኝ።"